የሰማያዊው ልክ

ባንክ ቤት የሠራ ሰው አንድ አመል ይዞ ይቀራል፤ ቁጥርን ማመን። ማታ መስኮቴን ዘግቼ ሒሳቤን ስሠራ፣ በመሳቢያዬ ያለው ጥሬ ገንዘብ በኮምፒዩተሩ ላይ ካለው ጋር እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም እኩል መውጣት አለበት። ካልወጣ ያለው ስም ሁለት ብቻ ነው፤ ጉድለት ወይም ትርፍ። ሁለቱም ያስጠይቃሉ። ትርፍ ከጉድለት ይሻላል የሚል የዋህ ካለ አንድ ቀን በእኔ ወንበር ተቀምጦ ይሞክረው። ትርፍ ማለት እኮ ባለቤቱ ገና ያልጮኸበት የሌላ ሰው ጉድለት ነው።

ይህንን አመል ይዤ ነው እንግዲህ ወደ ዓሣ ገንዳ የገባሁት።

ገንዳው የእኔ አልነበረም። አብሮኝ ይሠራ የነበረ ባልደረባዬ ወደ ሌላ ግዛት ሲዛወር «አንተ ታጋሽ ነህ» ብሎ ጥሎልኝ ሄደ። ሰባ አምስት ሊትር ያህል የሚይዝ የመስተዋት ገንዳ ነው፤ ውስጡ የጨው ውኃ፣ ጥቂት ዓለት፣ ከዓለቱ ላይ የተጣበቁ ኮራሎች፣ እንዲሁም ክላውን ፊሽ የሚባሉ ሁለት ብርቱካናማ ዓሦች፣ በነጭ ጥለት የተዋቡ። ከገንዳው ጋር አንድ ባልዲ ጨው፣ መረብ፣ ቴርሞሜትርና አንድ ካርቶን ሙሉ ትንንሽ ጠርሙሶች አስረከበኝ። «ሌላው ቀላል ነው» አለኝ በሩ ላይ ቆሞ፤ «ፎስፌትን ብቻ ተጠንቀቅ።»

እኔ ቅኔና ግጥም እንጂ ኬሚስትሪ የተማርኩ ሰው አይደለሁም። ፎስፌትን የማውቀው ከማዳበሪያ ከረጢት ላይ ነው።

ያኔ እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ ከእኔ ጋር መኖር ከጀመረች ዓመት አልፏት ነበር። የምንኖረው ዋሽንግተን ከተማ ውስጥ፣ ባረጀ ቤት ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ እወጣለሁ፤ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እመለሳለሁ። በዚህ መካከል ያለው ቀን ሙሉ የእርሷ ነው። ጸሎቷን ታደርሳለች፣ ቡናዋን ታፈላለች፣ አዲስ አበባ ካሉት እህቶቿ ጋር በስልክ ታወራለች፤ እነርሱ ሲተኙ ደግሞ ቀኑ እዚህ ገና እኩል ላይ ነው። ከዚያ በኋላ መስኮት ነው። ከመስኮቱ ባሻገር የሚታየው መኪና ማቆሚያና አንድ ዛፍ ነው፤ በክረምት ዛፉም እንጨት ብቻ ይሆናል።

ገንዳው በመጣ በሳምንቱ ወንበሯን ከመስኮቱ አንሥታ ወደ ገንዳው አዞረችው። ዓሦቹን «ሙሽሮቹ» አለቻቸው። እራት ላይ ወሬ ማምጣት ጀመረች። «ዛሬ ሴቲቱ ባሏን ከቤት አስወጣችው። ጥግ ላይ ቆሞ ሲያሳዝን!» ትላለች። በርግጥም በእነዚህ ዓሦች ዘንድ ትልቋና አዛዧ ሴቷ ናት። ሴቷ ስትሞት ወንዱ ራሱ ተለውጦ ሴት እንደሚሆን አንብቤአለሁ፤ ይህንን ግን ለእናቴ እስከ ዛሬ አልነገርኳትም። የጠዋቱን ምግብ የመስጠት ኃላፊነት የእርሷ ሆነ። ልኩ በአንዲት ትንሽ የፕላስቲክ ማንኪያ ነው፤ ማንኪያይቱን ያሳየኋት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ዳግመኛ አልጠየቀችኝም።

በሦስተኛው ወር ዓለቱ ጸጉር አበቀለ። አረንጓዴ፣ ቀጭን፣ ከውኃው ጋር የሚወዛወዝ ጸጉር። እናቴ «የድንጋይ ሽበት ነው» አለች፤ እውነትም ይመስላል። አልጌ ነው። ጸጉሩ በረዘመ ቁጥር ኮራሎቹ እየተሰበሰቡ ሄዱ፤ ቀን ቀን እንደ አበባ ይከፈት የነበረው አንደኛው ጭራሽ መከፈቱን ተወ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ ፎስፎረስ ይፈልጋል፤ ኮራል በሚኖርበት ባሕር ውስጥ ግን ይህ ነገር እጅግ ብርቅ ነው። እነዚያ ፍጥረታት በችግር መኖርን የለመዱ ናቸው፤ ሲበዛባቸው አልጌው ይጠግባል፣ ኮራሉ ደግሞ የድንጋይ አጥንቱን መሥራት ያቅተዋል። ኮራል የሚያሳድጉ ሰዎች ፎስፌቱን በአንድ ሊትር ውስጥ ከ0.03 እስከ 0.1 ሚሊ ግራም ባለው መካከል ለማቆየት ይጥራሉ። 0.1 ሚሊ ግራም ስንት እንደሆነ ልንገራችሁ፤ አዲስ አበባ ውስጥ በር ላይ ቆሞ የሚያጓራውን፣ አሥር ሺህ ሊትር የሚይዘውን የውኃ ቦቴ አስቡና አንድ ግራም ነገር፣ በጣት ጫፍ የሚነሣ ጨው የሚያህል፣ ጣሉበት። ልኩ እርሱ ነው። እኔ ደግሞ ይህንን በወጥ ቤቴ ጠረጴዛ ላይ ልመዝን ነው።

ባልደረባዬ በተወልኝ ጠርሙሶች መረመርኩ። ውኃውን በብልቃጥ ቀድቶ ከአንዱ ጠርሙስ ጥቂት ጠብታ፣ ከሌላው ትንሽ ዱቄት ጨምሮ መጠበቅ ነው፤ ፎስፌት ካለ ውኃው ሰማያዊ ይሆናል፣ ሰማያዊነቱ በጠነከረ መጠን ፎስፌቱ ብዙ ነው። ዘዴው ሲበዛ ያምራል። ሞሊብዴት የሚባል ጨው በአሲድ ውስጥ ሆኖ ፎስፌቱን ፈልጎ ይይዘዋል፤ ከዚያ ቫይታሚን ሲ፣ ያው ከብርቱካን የምናገኘው፣ የተያዘውን ወደ ሰማያዊ ይለውጠዋል። መርፊና ራይሊ የተባሉ ሁለት ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1962 ዓ.ም. በጻፉት መንገድ ነው ዓለም እስከ ዛሬ የሚመረምረው።

የእኔ ብልቃጥ ግን እንደ ጠበል ጠርቶ ቀረ። ዜሮ። ዓለቱ ላይ አንድ ጣት የሚያህል ጸጉር በቅሎ፣ ፎስፌቱ ዜሮ!

ጠርሙሱን ገልብጬ ሳየው ጊዜው ካለፈ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ይህ አንዱ ምክንያት ነው። ሁለተኛውን ያወቅሁት ቆይቼ ነው፤ መመርመሪያው የሚቆጥረው በውኃው ውስጥ የሚዋኘውን ብቻ ነው። አልጌው የበላው ከአልጌው ሆድ ውስጥ ነው፤ አይቆጠርም። ሰው ሁሉ ገንዘቡን ወስዶ ጨርሶ መሳቢያዬን ባዶ ስላገኘሁ ከተማው ደሃ ነው እንደ ማለት ነው።

አዲስ መመርመሪያ ገዛሁ። አሁን ብልቃጡ ሰማያዊ ሆነ፤ ሆኖም ስንት ሰማያዊ? ከመመርመሪያው ጋር የሚመጣ ካርድ አለ፤ ከነጭ ተነሥቶ ወደ ጥቁር ሰማያዊ የሚወርዱ ስድስት ሳጥኖች። በወጥ ቤቱ ቢጫ አምፖል ሥር ሦስተኛው ሳጥን ነው፤ ወደ መስኮቱ ስወስደው አራተኛው ይሆናል፤ ደመና ሲያልፍ ተመልሶ ሦስተኛ። በቋንቋችን ለሰማያዊ ያለን ስም ጥቂት ነው፤ ውኃ ሰማያዊ፣ ጥቁር ሰማያዊ፣ ሲቸግር ደግሞ «የእገሌ ዩኒፎርም ቀለም»። ለሦስተኛውና ለአራተኛው ሳጥን የሚሆን ስም እየፈለግሁ አንድ ምሽት ሙሉ ተቀምጬአለሁ፤ እንደ ባንክ ሠራተኛ ሳይሆን እንደ ገጣሚ ሰነፍ ሆኜ።

እናቴን ጠራኋት። ጥለት ከጥለት መለየት የምታውቅ፣ የነጠላ ጠርዝ አይታ ሸማኔውን የምትናገር ሴት ናት። ብልቃጡን ከካርዱ አጠገብ ይዛ አንድ ዓይኗን ጨፈነች። «አራተኛው ነው» አለች። ከዚያ ሌላውን ጨፈነች። «ኧረ ሦስተኛው ነው።» እንደገና ቀያየረች፤ ያው ነው። ሳቅን። ከዚያ ትዝ አለኝ፤ በዚያ ወቅት የቀኝ ዓይኗ የሞራ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት የግራው ገና ተራ እየጠበቀ ነበር። ሞራ የዓይንን መስተዋት ቢጫ ያደርገዋል፤ ቢጫ መስተዋት ደግሞ ሰማያዊውን ያስቀረዋል። ፈረንሳዊው ሠዓሊ ክሎድ ሞኔ እ.ኤ.አ. በ1923 ዓ.ም. አንድ ዓይኑን በተሠራ ጊዜ እንዲሁ በሁለቱ ዓይኖቹ ሁለት ዓይነት ቀለም ያይ ነበር። እናቴ በአንድ ፊቷ ላይ ሁለት መመርመሪያ ይዛ ነበር ማለት ነው፤ የትኛው ልክ እንደሆነ ብጠይቃት «ሁለቱም የእኔ ናቸው» አለችኝ።

ለዓይን ተስፋ ቆረጥኩና መሣሪያ ገዛሁ። በመዳፍ የሚያዝ ነው። ብልቃጡን ከጉድጓዱ ስታስገቡት ከአንድ ጎን ብርሃን ይረጫል፤ በሌላው ጎን የቀረውን ይቆጥራል፤ ሰማያዊው የዋጠውን ወደ ቁጥር ይለውጣል። መጀመሪያ ዱቄቱ ሳይገባ ያያል፤ ከዚያ ዱቄቱን አስገብታችሁ፣ ሦስት ደቂቃ ቆጥሮ፣ እንደገና ያያል። ሲያበቃ ቁጥር፤ ሁለት ዐሥርዮሽ ያለው ቁጥር። እኔ ደግሞ ሁለት ዐሥርዮሽ ሳይ እምነቴ ይመለሳል፤ ሳንቲም ይመስለኛል።

አንድ ሐሙስ ጠዋት ወደ ሥራ ስቸኩል መረመርኩ፤ 0.12። ማታ መጥቼ መረመርኩ፤ 0.31።

በእኛ ሥራ ጠዋት ተቆጥሮ ማታ ያልተገኘ ነገር ሲኖር ጥያቄው አንድ ነው፤ በመካከል ቁልፉ ከማን ዘንድ ነበር?

«እማዬ፣ ዛሬ ስንት ጊዜ አበላሻቸው?» አልኩ።

«አንድ ጊዜ። በማንኪያይቱ።»

«ምናልባት ሳታስቢው ትንሽ ጨምረሽ...»

«አንድ ጊዜ አልኩህ እኮ ልጄ።»

«ማንም አንቺን አላለም እማዬ። ለማወቅ ያህል ነው።»

ይህንን የመጨረሻውን አነጋገር ከየት እንዳመጣሁት አውቃለሁ። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ከመሳቢያዬ ሁለት መቶ ዶላር ጎደለብኝ። አለቃዬ ቢሮ አስገብቶ በር ዘጋና በጣም በለሰለሰ ድምፅ «ማንም አንተን አላለም፤ ለማወቅ ያህል ነው» አለኝ። ከሦስት ቀን በኋላ ገንዘቡ በመቁጠሪያው ማሽን ሆድ ውስጥ ተጣጥፎ ተገኘ። ይቅርታ የጠየቀኝ አልነበረም፤ ተከሷል ያለ ስላልነበረ። ያንን ድምፅ ለአሥር ዓመት ያህል ስጠላው ኖሬ ለእናቴ እንዳለ አወረስኳት።

«አበላሻቸው» የሚለውን ቃል ደግሞ ተመልከቱት። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። ላዋ ስትጠብቅ እናቴን ስለ ምግብ የጠየቅሁበት ነው። ላዋ ላልታ ሻዋ ስትጠብቅ ግን ጥፋት ነው፤ እርሱም በወንድ ነው የተነገረው፤ እርሱ አበላሻቸው። ሰሙን የተናገርኩት እኔ ነኝ፤ ወርቁ እስኪፈታልኝ ሁለት ወር ፈጀብኝ።

በማግስቱ ማንኪያይቱ ታጥባ በገንዳው ክዳን ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ወንበሩም ወደ መስኮቱ ተመልሷል። እራት ላይ ወሬ የለም። «ሙሽሮቹስ?» ስላት «አሉ» አለች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የማበላው እኔ ሆንኩ፤ ቁጥሩ ግን አልወረደም። 0.28 ይላል፣ 0.47 ይላል፣ 0.19 ይላል። ቀጥዬ ያደረግሁትን መጻፍ አልፈልግም ነበር፤ ይሁን። የምግቡን ጠርሙስ አንሥቼ፣ ምግቡ የደረሰበት ላይ በእስክሪብቶ ቀጭን መስመር አሰመርኩ። በልቤ ምናልባት ሳልኖር በስስት ትሰጣቸው ይሆናል እያልኩ ነበር። በሦስተኛው ቀን ሥራ ቦታ ሳለሁ አስታወስኩትና ማታ ላጠፋው ወሰንኩ። ስገባ ጠርሙሱ ጠረጴዛው ላይ፣ በወንበሬ ትይዩ ተቀምጧል፤ መስመሩ ወደ እኔ ዞሮ።

«እኔ በዘመኔ» አለች እናቴ ዓይኗን ከመስኮቱ ሳታነሣ፣ «ለቤት ሠራተኛ እንኳ የዘይት ጠርሙስ ላይ ምልክት አድርጌ አላውቅም።»

ሌላ አልተናገረችም። እኔም የምለው አልነበረኝም።

ከዚያ በኋላ ነው የቁጥሩን ነገር እንደ ሰው የያዝኩት። እስከዚያ ድረስ ውኃውን እየመረመርኩ መሰለኝ እንጂ መሣሪያውን መርምሬ፣ ይልቁንም እጄን መርምሬ አላውቅም። አንድ ቅዳሜ ከአንድ ባልዲ ውስጥ አምስት ጊዜ ቀድቼ አምስት ጊዜ መረመርኩ። አንድ ውኃ ነው፤ አምስት ቁጥር ሰጠኝ፤ ከትንሹ እስከ ትልቁ የሁለት እጥፍ ልዩነት! እንዲህ የሚያደርግ የብር መቁጠሪያ ቢሆን በዚያው ቀን ከመሥሪያ ቤቱ ይባረር ነበር።

ማንበብና መጠየቅ ያዝኩ። በብልቃጡ ላይ የጣት አሻራ ካለ ብርሃኑን ይዞ ያስቀራል፤ መሣሪያው ያንን ፎስፌት ብሎ ይቆጥረዋል። ስትንጡት የሚፈጠር አረፋም እንዲሁ ነው። በደንብ ያልሟሟ ዱቄት ደግሞ ቁጥሩን ያሳንሳል፤ የዚያ ሐሙስ ጠዋት 0.12 የመጣው ከዚያ ሳይሆን አይቀርም፤ ቸኩዬ ነበር። ብልቃጡ ራሱ በሁሉም ጎኑ እኩል አይደለም፤ አንዴ በዚህ ጎን አንዴ በዚያ ከተቀመጠ ልዩነት ያመጣል። ቀለሙም ዝም ብሎ አይቆምም፤ እየቆየ ይጠነክራል፤ ስለዚህ በአራተኛው ደቂቃ የተነበበና በሦስተኛው የተነበበ አይወዳደሩም።

እኔም የባንክ ቤቱን ሥርዓት አወጣሁ። አንድ ብልቃጥ ብቻ፣ እርሱም በጥፍር ቀለም ምልክት ተደርጎበት ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ እንዲገባ። ብልቃጡን በሚመረመረው ውኃ ሦስት ጊዜ ማለቅለቅ። ዱቄቱን እስከ መጨረሻዋ ቅንጣት ማራገፍ። ሁለት ደቂቃ ሳይቸኩሉ፣ አረፋ ሳያወጡ መገልበጥ። ላዩን ክር በማይለቅ ጨርቅ መወልወል። ሦስት ጊዜ መርምሮ መካከለኛውን መውሰድ። ሲያልቅ ብልቃጡን በተጣራ ውኃ ማጠብ እንጂ በቧንቧ ውኃ አለማጠብ። የመጨረሻውን ትእዛዝ ለምን እንደሆነ ሳላውቅ ነው የተቀበልኩት፤ ሰነፍ ተማሪ የማይገባውን ግእዝ እንደሚሸመድድ።

ውጤቱ፦ 0.42፣ 0.43፣ 0.42። በሕይወቴ ብዙ ደስ የሚሉ ነገሮችን አንብቤአለሁ፤ ከእነዚህ ሦስት ቁጥሮች ጋር የማስተካክለው ግጥም ግን ብዙ አይደለም። ለማረጋገጥ ከአንድ ሰው ሌላ መሣሪያ ተዋስኩ። እርሱ ደግሞ 137 አለኝ! ልቤ ሊቆም ነበር። ለካ ያ መሣሪያ የሚቆጥረው ፎስፌትን ሳይሆን ፎስፎረስን ብቻ፣ ያውም በሚሊ ግራም አንድ ሺሕኛ ነው። የምንዛሪ ነገር ነው፤ ፎስፎረሱን በ3.07 ስታባዙት ፎስፌት ይሆናል። 137 ሲባዛ 420፤ ያው 0.42። ዶላርና ብርን አምታቶ የከሰረ ስንት ሰው አውቃለሁ።

እንግዲህ ቁጥሩ ታምኖ ቆመ፤ ከፍተኛ ሆኖ ቆመ። ማስታወሻ ደብተር ገዝቼ በየቀኑ እጽፍ ጀመር። በሁለት ሳምንት ውስጥ ደብተሩ አንድ ነገር ነገረኝ። ሁልጊዜ ቅዳሜ ከገንዳው አንድ ዐሥረኛውን ውኃ ቀድቼ እደፋና በምትኩ አዲስ የጨው ውኃ በጥብጬ እጨምራለሁ፤ ንጹሕ ውኃ ስለገባ ቁጥሩ መውረድ አለበት። ደብተሩ ግን ቅዳሜ ጠዋት 0.42፣ ቅዳሜ ማታ 0.61 ይላል። በሚቀጥለውም ቅዳሜ እንደዚሁ። በሳምንቱ ውስጥ አልጌውና ዓለቱ ትርፉን እየዋጡ ይመልሱታል፤ ቅዳሜ እኔ ደግሞ እሞላዋለሁ።

ቁልፉ ከማን ዘንድ እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ።

ከሱቅ የተገዛ የተጣራ ውኃ መረመርኩ፤ 0.00። ሁለተኛም 0.01። ከወጥ ቤታችን ቧንቧ ቀድቼ መረመርኩ፤ መሣሪያው ብልጭ ብልጭ አለ፤ ከአቅሜ በላይ ነው ማለቱ ነው። ብልቃጡን አውጥቼ ሳየው እንደ ቀለም ቀንድ ጠቁሯል። አንድ እጅ የቧንቧ ውኃ ከዘጠኝ እጅ የተጣራ ውኃ ጋር ቀላቀልኩ፤ 0.24። በዐሥር ሲባዛ 2.4። በየሳምንቱ እናጥራ ብዬ የምጨምረው ውኃ ከገንዳው ውኃ አምስት እጥፍ በላይ ፎስፌት ተሸክሟል! ብልቃጡን በቧንቧ ውኃ አለቅልቄ ሳላደርቅ ሳስቀምጠው የነበረውም እንደዚሁ ነው፤ ዐሥር ጠብታ ያህል ብልቃጡ ውስጥ ከቀረ ብቻውን ከ0.1 በላይ ይጨምራል። ያ ሐሙስ ማታ እናቴን የጠየቅሁባት 0.31 ላይ የእኔ እጅ ስንት ድርሻ እንዳለው አሁን ማንም አያውቅም።

ፎስፌቱ ከየት መጣ? ታሪኩ ከእኛ ቤት ይሰፋል። ይህች ከተማ ውኃዋን የምትቀዳው ከፖቶማክ ወንዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ዓ.ም. ውኃውን ከጀርም መጠበቂያው ከክሎሪን ወደ ክሎራሚን ተለወጠ። የድሮ ቤቶች ከዋናው መስመር ጋር የሚገናኙባቸው ብዙ ቧንቧዎች የእርሳስ ነበሩ፤ በክሎሪን ዘመን በውስጣቸው ተጋግሮ እርሳሱን ያፈነው ቅርፊት በክሎራሚን ጊዜ ይሟሟ ጀመር። በሺህ በሚቆጠሩ ቤቶች የሚጠጣው ውኃ ውስጥ ከተፈቀደው በላይ እርሳስ ተገኘ፤ ሕዝቡ በሰፊው ያወቀው እ.ኤ.አ. በጥር 2004 ዓ.ም. ጋዜጣ ሲያወጣው ነው። ሕፃናት ያሉባቸው ቤቶች ነበሩ። በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር በመላው ከተማ ውኃ ውስጥ ኦርቶፎስፌት መጨመር ተጀመረ፤ እስከ ዛሬም ይጨመራል። ፎስፌቱ ከእርሳሱ ጋር ተዋህዶ በቧንቧው ውስጠኛ ግድግዳ ላይ በቀላሉ የማይሟሟ ስስ ሽፋን ያበጃል። የምንኖርበት ቤት ያረጀ ነው። እናቴ ቡናዋን የምታፈላው በዚያ ውኃ ነው።

ቅዳሜ ማታ ሦስት ብልቃጦች በጠረጴዛው ላይ ደረደርኩና ጠራኋት። አንደኛው የተጣራው፣ ሁለተኛው የገንዳው፣ ሦስተኛው የቧንቧው። መጣች። ያን ጊዜ ሁለቱም ዓይኖቿ ተሠርተዋል፤ ቢሆንም በልማድ አንዱን ጨፍና አየች፣ ሌላውን ጨፍና አየች።

«የመጨረሻው ከየት ነው?»

«ከቧንቧችን።»

«የምንጠጣው?»

የእርሳሱን ታሪክ ነገርኳት። ለጤና እንደማያሰጋ፣ ይልቁንም እንደሚጠብቀን አስረዳኋት። ዝም ብላ አዳመጠችኝና የሚጠየቀውን ጠየቀችኝ።

«ታዲያ ስትጠረጥር የነበረው ውኃውን ነው ወይስ እኔን?»

ብዙ የተዘጋጀሁበት መልስ ነበረኝ፤ ስለ መሣሪያ፣ ስለ አረፋ፣ ስለ ጣት አሻራ። ሁሉንም ተውኩት።

«አንቺን» አልኳት።

«ደግ» አለች። ተነሥታ ሄደች። በሩ ላይ ስትደርስ ዞር ብላ፣ «ማታ ማታ ከሥራ ስትመጣ ደግሞ አንተም ታበላቸዋለህ፤ አይተህ አልቆጠርከውም» አለችኝ። እውነቷን ነው። ቀኑን ሙሉ ሳላያቸው ስለምውል ለመካስ ያህል በጣቴ ቆንጥሬ እጥል ነበር። በማንኪያ ስላልነበረ አልቆጠርኩትም።

ከዚያ ወዲህ የተጣራ ውኃ በጋሎን እየተሸከምኩ ደረጃ እወጣለሁ፤ ጨውንም በእርሱ እበጠብጣለሁ። ቁጥሩ ግን ወዲያው አልታዘዘም። ዓለቱና አሸዋው በእነዚያ ወራት የጠጡትን ፎስፌት ይዘው ቆይተው፣ ውኃው ሲጠራ ቀስ በቀስ ይመልሱታል። ደብተሬ እንዲህ ይላል፦ የመጀመሪያው ወር 0.38፤ ሁለተኛው 0.33፤ ሦስተኛው 0.34 (ተናደድኩ)፤ አራተኛው 0.21። የድንጋዩ ሽበት ከዳር ዳር መርገፍ ጀመረ።

የእናቴ ወንበር በሁለተኛው ወር ከመስኮቱ አንድ ክንድ ያህል ራቀ። አልተናገርኩም። የተሰመረበትን ጠርሙስ ጣልኩና አዲስ ገዛሁ። በአራተኛው ወር መጨረሻ አንድ ቅዳሜ ብልቃጡን ስገለብጥ ከኋላዬ ቆማ አየችኝ። «አረፋ እያወጣህ ነው፤ አምጣ» አለች። ተቀበለችኝ። ልጅ እንደሚያስተኛ ሰው ወዲህና ወዲያ እያደረገች፣ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ ታገላብጠው ጀመር። ስልኬን አውጥቼ ሰዓት ልይዝላት ስል በዓይኗ አስቆመችኝ። አቡነ ዘበሰማያትን ከነእመቤታችን ሰላምታ እየደገመች ነበር የምትለካው። ጨረስኩ ብላ ስትሰጠኝ በስልኬ ሁለት ደቂቃ ከአራት ሰከንድ ሆኗል።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ የምታገላብጠው እርሷ ናት፤ ሦስቱ ንባቦች ከእኔ እጅ ይልቅ በእርሷ እጅ ይቀራረባሉ። ያለፈው ቅዳሜ 0.09 አለ። ሦስቴም 0.09።

«ልክ ነው?» አለችኝ።

«ልክ ነው። ሲደመር ሲቀነስ 0.02።»

«ሲደመር ሲቀነስ ምንድን ነው?»

«መሣሪያው ራሱ የሚናገረው ነው። ከዚህ ቁጥር ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ ብዬ ልሳሳት እችላለሁ ይላል።»

መሣሪያውን ከእጄ ወስዳ ገልበጥ አድርጋ አየችው።

«ጨዋ ዕቃ ነው» አለችና ማንኪያይቱን ከክዳኑ ላይ አነሣች።